ኑዛዜና አደራ፦ ሕፃን ልጅ ያለው ወላጅ ለነገ ስላለበት ዕዳ

የሰው ልጅ ከሌሎች ፍጥረታት ከሚለይባቸው ጠባዮች አንዱ፣ እርሱ ራሱ የማይኖርበትን ጊዜ አስቀድሞ ለማሰብ መቻሉ ነው። ንብ ማር ታከማቻለች፤ ያከማቸችው ማር ከሞቷ በኋላ ለማን እንደሚደርስ ግን አትጨነቅም። ሰው ዋርካ ሲተክል ከጥላው ሥር የሚቀመጠው ሌላ መሆኑን ያውቃል፤ ቤት ሲሠራም የመጨረሻው ነዋሪ እርሱ እንዳልሆነ ይረዳል። ይሁንና ይህ አርቆ የማሰብ ችሎታ ወደ አንድ ጉዳይ ሲቃረብ ይደነዝዛል። ይኸውም የራስን ሞትና የሕፃን ልጅን ዕጣ ባንድነት አስቦ ውሳኔ መስጠት ነው። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ክረምቱ ሳይወጣ የሚያዘጋጅ፣ ክትባቱን ቀን ቆጥሮ የሚያስወጋ አባት «ሁለታችሁም ብትሞቱ ይህን ልጅ ማን ያሳድገዋል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ክፉ አታናግረኝ» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዝምታ መመርመር ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ወላጅ ከሞቱ በኋላ ለሚሆነው ነገር ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ግዴታው ንብረት ማውረስ ነው ወይስ ሌላ? ኅብረተሰብ ባለበት አገር አንድ ግለሰብ ስለ ገዛ ልጆቹ ብቻ መጨነቁስ ራስ ወዳድነት አይሆንምን?

አንድ ምሳሌ ከኮልፌ

ጥያቄውን በሚታወቅ ስፍራ ላይ እናሳርፈው። ኮልፌ ቀራንዮ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር ነው። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከካራ ቆሬ እስከ አስኮ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ከነዚህ ነዋሪዎች መካከል አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባትየው በአጠና ተራ እንጨት ይነግዳል፤ እናትየው መምህርት ናት። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። ከአያት የወረሱት አሮጌ ቤት፣ በባንክ ጥቂት ቁጠባ፣ ገና ያልደረሳቸው የዕቁብ ዕጣ፣ ለሰው ያበደሩትና ከሰው የተበደሩት ገንዘብ አለ። ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ገጠር ሲጓዙ በመኪና አደጋ ሁለቱም ሞቱ እንበል።

እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ንፍሮውና ቡናው ይቀርባል። ቀብሩ በወጉ ይፈጸማል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ኅብረተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሥራ ክፍፍሉ የተለመደ ነው፤ ማንም ከማንም ትእዛዝ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ግን ማንም የማያውቀው ነገር ይጀምራል። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል። ወንድ ልጁን አጎት ይወስደዋል፤ ሴት ልጅቷን አክስት ትወስዳታለች። ወንድምና እኅት በሁለት ቤት ይለያያሉ። የ9 ዓመቷ ልጅ በአክስቷ ቤት መጀመሪያ ሕፃን ታዝላለች፤ ቀጥሎ ውኃ ትቀዳለች፤ እያደር ትምህርቷ ከቤቱ ሥራ በሚተርፍ ሰዓት ብቻ የምትደርስበት ነገር ይሆናል። ቤቱ ተከራይቷል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው አንዱ ዘመድ ነው፤ ለሕፃናቱ ስንት እንደሚደርሳቸው የሚጠይቀው የለም። የተበደረ ዝም ይላል፤ ያበደረ ብቻ ይናገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አለመኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አጎት ደግ ነው፤ አክስትም ከጉድለቷ ቆርሳ ነው የወሰደቻት። ጉዳቱን ያመጣው የሰዎቹ ክፋት ሳይሆን የአንድ ቃል አለመኖር ነው። ወላጆቹ «ልጆቼን ለእገሌ፤ ሁለቱም ባንድነት ይደጉ» የሚል ቃል አልተዉም።

ሕግ የሚያውቀውና የማያውቀው

በዚህ ቦታ ሕጉ ዝም አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በውርስ ረገድ ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው ንብረት በመጀመሪያ ለልጆቹ በእኩል ያከፋፍላል። ወንድና ሴት፣ በጋብቻ ውስጥና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ የተወለደና በጉዲፈቻ የተያዘ፣ ሁሉም እኩል ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ኃላፊነቱን ብቻውን እንዲቀጥል፣ እርሱም ከሞቱ በኋላ የሚተካውን ሰው በኑዛዜ እንዲሰይም ይፈቅዳል። የተሰየመ ከሌለ ኃላፊነቱ በመጀመሪያ ወደ አያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም ወደ አጎቶችና አክስቶች ይሻገራል።

ይህ ሥርዓት ብልህነት አለው። ነገር ግን ሕግ የሚያውቀው የዝምድናን እርከን እንጂ የሰውን ጠባይ አይደለም። አያቲቱ ዓይናቸው እንደደከመ፣ አጎትየው መጠጥ እንደሚያበዛ፣ ልጅቷ ሌሊት ስትባንን በማን ድምፅ እንደምትረጋጋ ሕግ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሞቱት ናቸው። የወላጅን ግዴታ መሠረት የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የያዘው፣ ለሌላው ሕይወት አስፈላጊ የሆነ ዕውቀት ካለ፣ ያን ዕውቀት ይዞ ወደ መቃብር መውረድ በደል ነው። ግዴታው የሚመነጨው ከሀብት አይደለም፤ ከዕውቀት ነው። ስለዚህም «እኔ ምን አለኝና ነው የምናዘዘው?» የሚለው የድሃ ወላጅ ክርክር አይጸናም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን እንደ ግል ሀብት ሊያወርስ አይችልም፤ ልጁን የሚወድለት ማን እንደሆነ ግን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ይህንኑ ሐሳብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ፣ ብዙ ሰው በማያስተውለው አንድ ቁጥር ውስጥ አስቀምጦታል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በናዛዡ እጅ የተጻፈና የቃል ኑዛዜ። የቃል ኑዛዜ ሞቱ መቃረቡን የተረዳ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። ሕጉ ይህን ዓይነቱን ኑዛዜ ስለሚጠራጠር በቁጥር 893 አጥብቆ ይገድበዋል። ናዛዡ ስለ ቀብሩ ሥርዓት መናገር ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር የማይበልጥ ማውረስ ይችላል። ከዚህ በተረፈ የተፈቀደለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንሽ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድጋቸውና ማን ሞግዚት እንደሚሆናቸው መወሰን። በሌላ አነጋገር፣ በመጨረሻ እስትንፋሱ ላይ ላለ ሰው ሕጉ በሬውንና ቤቱን አያምነውም፤ ልጁን ግን ያምነዋል። ከንብረት ሁሉ በላይ የሆነው ነገር በሁለት ምስክርና በጥቂት ቃል ሊተላለፍ ይችላል ማለቱ ነው። ከዚህ የበለጠ የሥነ ምግባር ትምህርት በአንድ የሕግ አንቀጽ ውስጥ ማግኘት አዳጋች ነው።

ቃሉና ትውፊቱ

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በአማርኛ ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርም፣ ንብረትን ማውረስም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በግእዝ ግን «ናዘዘ» ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው፤ «ኑዛዜ»ም መጽናናት ነው። ስለዚህ ኑዛዜ በሥረ ነገሩ የባለጠጋ ወረቀት አይደለም፤ የሚቀረውን ሰው የሚያጽናና ቃል ነው። ዛሬ ቃሉ ሲነሣ ጠበቃና የፍርድ ቤት ክርክር ብቻ ወደ ሐሳባችን መምጣታቸው ከሥሩ ምን ያህል እንደራቅን ያሳያል።

የክፍለ ከተማው ስምም ሳይታሰብ ወደዚሁ ነገር ይመራናል። ቀራንዮ በክርስትና ትውፊት አንድ ሟች በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ የሰጠበት ስፍራ ነው። የሚያወርሰው ልብስ እንኳ በወታደሮች እጅ ነበር፤ የቀረው አደራ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በስም ለይቶ ሰጠ። በኮልፌ ብዛት ያለው የሙስሊም ኅብረተሰብም ከነቢዩ ሙሐመድ ሕይወት ተመሳሳይ ነገር ያውቃል። አባታቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ እናታቸው በ6 ዓመታቸው ሞቱ፤ አያታቸው አብዱል ሙጠሊብ አሳደጓቸው፤ እርሳቸውም ሲሞቱ የቲሙን ልጅ ለአጎቱ ለአቡ ጧሊብ አደራ ሰጡ። የሁለቱም ትውፊት ፍሬ ነገር አንድ ነው። አደራ «ለዘመድ»፣ «ለጎረቤት»፣ «ለአገር» ተብሎ በጅምላ አልተሰጠም፤ ስም ላለው ሰው፣ በሕይወት ሳሉ ተሰጠ።

የኅብረተሰብ ልጅ ወይስ የወላጅ ልጅ?

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ልጅ የኅብረተሰብ ነው፤ ፍትሐዊ ኅብረተሰብ ቢኖር ማንም ሕፃን በወላጁ ጥንቃቄ ወይም ግድ የለሽነት ባልተጎዳ ነበር። የግል ኑዛዜ የግል ሀብት ቅሪት ነው» የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ጥንታዊም ነው። ፕላቶ በ«ሪፑብሊክ» የጠባቂዎቹ ልጆች የጋራ እንዲሆኑ፣ ወላጅ ልጁን ልጅም ወላጁን እንዳያውቅ ሐሳብ አቅርቧል። አርስጣጣሊስ ሲመልስለት ግን ለብዙዎች የጋራ የሆነ ነገር የሚያገኘው ጥንቃቄ ከሁሉ ያነሰ መሆኑን አመለከተ። የሁሉም የተባለ ልጅ የማንም ሳይሆን ይቀራል ማለቱ ነበር።

ስለ ውርስ ራሱም ቢሆን የሶሻሊስቶች ክርክር ብዙ ሰው እንደሚገምተው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1869 በባዝል በተደረገው የዓለም አቀፍ ሠራተኞች ማኅበር ጉባኤ ባኩኒን የውርስ መብት ይሰረዝ ሲል፣ በማርክስ የተረቀቀው የጠቅላይ ምክር ቤቱ ሪፖርት ግን ውርስ የሥርዓተ ማኅበሩ ውጤት እንጂ መንስኤ አለመሆኑን አስረዳ። የሶቪየት መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1918 ውርስን በአዋጅ ሰርዞ፣ በ1922 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በገደብ መልሶታል። ሞት የሚተወው ክፍተት በአዋጅ አይሞላም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ ሲገባ፣ «ለልጆቼ ቤት ሠርቼላቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሥጋት የለብኝም» ይል የነበረ ወላጅ ንብረት የማይናወጥ መሠረት አለመሆኑን ተገነዘበ። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ አባቶቻቸው በግንባር የወደቁባቸውን ሕፃናት ለማሳደግ በአላጌ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ፤ ብዙ ልጆችም ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። መንግሥት የወላጅን ስፍራ ሊይዝ የሞከረበት ታላቅ ሙከራ ነበር፤ ከዚያ ያደጉና ለቁም ነገር የበቁ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አምባው በነበረበት አልቀጠለም። ወላጅ እንደሚሞት ሁሉ መንግሥትም ያልፋል፤ ያን ጊዜ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ይህ ማለት የኅብረተሰብ ኃላፊነት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወላጅ ላጡ ሕፃናት መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዝዛል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ቤት በዘጋበት ወቅት በአዲስ አበባ የነበሩ በርካታ እድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት ተሻገሩ። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተጉዘው በረሃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ለውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠት ሲቀር፣ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ወደ እኛው ተመልሷል። እንግዲህ ኅብረተሰብ እጁን መዘርጋቱ አይካድም። ነገር ግን በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ ልጁን ያዳነው «ኅብረተሰብ» የሚባል ረቂቅ ነገር አይደለም፤ «እኔ እወስደዋለሁ» ያለ፣ ስም ያለው ሰው ነው። ወላጅ ያን ስም አስቀድሞ ሲናገር የኅብረተሰብን ሥራ አይነጥቅም፤ መነሻ ይሰጠዋል።

የሟች ሥልጣን ወሰን

ለወላጅ ይህን ያህል ከሰጠን፣ ወሰኑንም ማመልከት ይገባል። ልጅ ንብረት አይደለም። ቤት ይወረሳል፤ ልጅ ግን አደራ ይሰጣል እንጂ አይወረስም። ልዩነቱ ከባድ ነው። ወራሽ በተሰጠው ነገር ይጠቀማል፤ ባለ አደራ ግን የሚጠብቀው ለሌላ ነው፤ የሚጠየቅበትም ቀን አለ። ሕዝባችን «አደራ በላ» የሚለውን ስድብ ከሌባ ስም አክብዶ የሚያየው ስለዚህ ነው። ስለሆነም ሟች በሕያዋን ላይ ያለው ሥልጣን ሦስት ነገሮችን ሊያከብር ይገባል።

አንደኛው የባለ አደራው ፈቃድ ነው። ሳይጠየቅ በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከለቅሶው መሐል «አልችልም» ለማለት አንደበት አይኖረውም፤ ያልፈቀደው ሸክም ደግሞ በመጨረሻ የሚወድቀው በሕፃኑ ላይ ነው። ሁለተኛው የልጁ ድምፅ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ስለ ራሷ ዕጣ የምትለው አላት፤ ወላጅ በሕይወት ሳለ «ማን ዘንድ መሆን ደስ ይልሻል?» ብሎ በጨዋታ መካከል መስማት ይችላል። ሦስተኛው ፍቅርንና ገንዘብን መለየት ነው። በተለመደው አነጋገር «ሞግዚት» ሕፃን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ በሕጉ አነጋገር ግን ልጁን የሚያሳድገው «አሳዳሪ»፣ የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረው «ሞግዚት» ይባላሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ በማቀፍ የታወቀች አክስትና ሒሳብ በመያዝ የታመነ የሥራ ባልደረባ እያንዳንዳቸው በሚችሉት ቢሰየሙ፣ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል፤ ፈተናውም ይቀንሳል።

እነዚህን ያሰበ ወላጅ ሥርዓቱንም ማወቅ አለበት፤ በጎ ሐሳብ በቅርጽ ጉድለት ሊፈርስ ይችላልና። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ባንድነት የሚያደርጉት ኑዛዜ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይናዘዛል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህ መደረጉና ቀኑ መጻፍ፣ በሁሉም መፈረም አለበት። በእጅ የሚጻፈው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ ቀንና ፊርማ መያዝ ይኖርበታል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ቢወለድ ቀድሞ የተሰጡት ስጦታዎች ሊፈርሱ ስለሚችሉ፣ በየልደቱ ኑዛዜን ማደስ ያስፈልጋል። ሙስሊም ወላጅ በሸሪዓ የሚመራ እንደሆነ፣ ለወራሾቹ ከተመደበው ድርሻ ውጭ በወሲያ የሚያዝዘው ከሀብቱ ከሲሶ እንዳይበልጥ ያውቃል። ከሁሉም ጋር የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የቤቱ ካርታ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የዕቁቡ ዳኛ ስም፣ የተበዳሪና የአበዳሪ ዝርዝር የት እንዳለ አንድ የታመነ ሰው ሊያውቅ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሁለት ከሰዓት የሚበልጥ ሥራ አይደለም።

ፍርሃቱና መፍትሔው

ታዲያ ለምን አይደረግም? ዋናው ምክንያት ድንቁርናም ድህነትም አይደለም፤ ሟርት ነው። ስለ ሞት መናገር ሞትን ይጠራል የሚለው እምነት በተማረውም በዲፕሎማው ሥር ይኖራል። ይህ እምነት ወላጁን ከአንድ የጭንቀት ሰዓት ያድነዋል፤ ዋጋውን ግን ልጁ በዓመታት ይከፍላል። ራሱን ከፍርሃት ለማዳን ሲል ፍርሃቱን ለልጁ ያወረሰ ሰው፣ ምን ያህል ቢወደውም፣ ከራሱ ይልቅ ልጁን አስቀደመ ሊባል አይችልም። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የሚለው ተረት ዘወትር ለልጅ ይነገራል፤ ወላጅም ጀምበር ሳለች የሚሮጠው ሩጫ እንዳለው ግን አይነገረውም።

ፍርሃት በግለሰብ ምክር ብቻ አይሸነፍም፤ ልማድ ሲሆን ነው የሚሸነፈው። ቀብር የማያስፈራን በልማድ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ከእድሩ መዝገብ ቢጀምር ይበጃል። እድር የአባሉን፣ የባለቤቱንና የልጆቹን ስም መዝግቦ ይይዛል፤ ማን ቢሞት ምን እንደሚደረግ በደንቡ ተጽፏል። ከልጆቹ ስም ጎን «ወላጆቹ ባይኖሩ አደራው ለማን ነው?» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ አባሉም በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ስሙን አይቶ እንዲያጸና ቢደረግ፣ ጥያቄው ሟርት መሆኑ ቀርቶ እንደ ወር መዋጮው የተለመደ ይሆናል። መዝገቡ በራሱ የሕግ ኑዛዜ አይሆንም፤ ነገር ግን ሰውየውን ወደ ኑዛዜው ይመራዋል፤ ዘመድ ሲሰበሰብም የሟቾቹ ሐሳብ ምን እንደነበረ የሚናገር አንድ ወረቀት ይኖራል።

መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ከውጤትና ከደንብ ልብስ ቀጥሎ ይህን ሊያነሣ ይችላል፤ ወላጁን ያጣ ልጅ በክፍል ውስጥ ድንገት ዝም ሲል በመጀመሪያ የሚያየው እርሱ ነውና። የሕዝብ አደራጁ በየመንደሩ ውይይት ውስጥ ያስገባዋል። የኪነ ጥበብ ሰውም ድርሻ አለው። በመድረካችንና በልብ ወለዳችን ኑዛዜ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የባለጠጋ ሽማግሌ አልጋ ዙሪያ የቆሙ ስስታም ወራሾች ናቸው። የ4 ዓመት ልጁን አስተኝቶ፣ በኩራዝ ወይም በመብራት ሥር ተቀምጦ፣ የአንድ ሰው ስም የሚጽፍ ጤናማ ወጣት አባት ገና በደንብ አልተሣለም። እርሱ የሚጽፈው ስለ ሞት አይደለም፤ ነገ ጠዋት ልጁ ሲነቃ ማን ቁርስ እንደሚያበላው ነው።